የሎውስቶን ስንደርስ
ወገን ዛሬ አሜሪካ ያለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ግራንድ ፕሪዝማቲክ የሚሉትን ፍል ውሃ አየነው፣ ግን እንደ ወንዶ ገነት ገብቼ ልታጠብ ካልክ ተቀቅለህ ነው የምትወጣው 70 ዲግሪ ገደማ ነው😂 መሀሉ ጥርት ያለ ሰማያዊ ዳር ዳሩ ቢጫና ብርቱካናማ፣ ቀለሙን የሚሰጡት ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ናቸው መሀሉን ግን እነሱም አልቻሉትም። ለኮቪድ በተጠቀምንበት የፒሲአር ምርመራ ዘረመልን የሚያባዛው ኢንዛይም ራሱ መነሻው እዚሁ ፓርክ የተገኘች ባክቴሪያ ናት፣ ይገርማል በእውነት። እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው፣ ሽታው ደግሞ የተበላሸ እንቁላል፣ ንፋስ የነጠቀው የሰው ኮፍያ ከእንጨት መተላለፊያው ወዲያ ወድቆ ማንም አያነሳውም። ለእማዬ ፎቶ ስልክላት "ጠበል ነው እንዴ? ትንሽ ቀድተህ ላክልኝ" አለችኝ🙈