ከገዳሙ በር ላይ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከደሴ ወደ ሐይቅ ወረድን። ወንድሜ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለም ገባ፤ ለሴት አይፈቀድምና እኔ ከበሩ ውጭ ካለ ካብ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት።

ከድንጋዩ ስንጥቅ አንዲት እንሽላሊት ወጣች። ጎኗ በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል። የጅራቷ ጫፍ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ቀጠን ያለ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የበቀለ መሆን አለበት። ቀና ብላ አየችኝና በበሩ ሥር ሾልካ ገባች። ሴት ትሁን ወንድ ማን ጠየቃት!

ገዳሙ ያለበት መሬት ዱሮ ደሴት ነበር። ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ጋር ተገናኘ፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ታዲያ የዚህች እንሽላሊት ዘር ከደሴቱ ዘመን የቆየ ነው ወይስ ትናንት ከወዲህ ማዶ የተሻገረ? በመልክ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከአድርያቲክ ባሕር ደሴቶች አንዱ ከሆነው ከፖድ ኮፒሽቴ 5 ጥንድ እንሽላሊቶች ወደ ጎረቤቱ ፖድ ምርቻሩ ተወስደው ተለቀቁ። ተመራማሪዎች ከ36 ዓመት ገደማ በኋላ ያገኟቸው ጭንቅላታቸው የገዘፈ፣ ንክሻቸው የበረታ ሆኖ ነው። ዋና ምግባቸው ቅጠል ሆኗል፤ አንጀታቸውም እሱን የሚያቆይ ክዳን መሰል እጥፋት አውጥቷል። መልካቸው ሌላ ዘር ናቸው ይላል። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዘረመል ግን ከፖድ ኮፒሽቴዎቹ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ከእናት ብቻ! አባቴ ሰባት ቤት ሲቆጥር ስሙ ሁሉ የወንድ ነው፤ እናቶቹ የት እንደገቡ እንጃ። የእንሽላሊቶቹ የዘር ቆጠራ ደግሞ በሴቶቹ በኩል ይሄዳል፤ ለምርመራውም ከጅራት ጫፍ የምትወሰድ ቁራጭ ትበቃለች። የእኛዎቹ ቢመረመሩ ደስ ይለኝ ነበር። ተለያይተው የኖሩ ከሆነ የየራሳቸው ምልክት ይኖራቸዋል፤ መሬቱ ከተገናኘ ወዲህ ከተዳቀሉ ግን ምልክቱ ተደባልቋል።

ወንድሜ ጸበል በጀሪካን ይዞ ወጣ።

«የአያታችንን እናት ስም ታውቃለህ?» አልሁት።

«የአባቷን ነው የማውቀው፤ የእናቷን እማዬን ጠይቂያት» አለና ጀሪካኑን አስያዘኝ።