ሌብሉ አር 22 ይላል፣ ሽታው የወጥ ቤት ጋዝ ነው

ሚያዝያ ሲገባ ባሕር ዳር ላይ የኤሲ ሥራ ፋታ አይሰጥም። ጣና ዳር ያሉ ማረፊያዎች ሁሉ በአንድ ሰሞን ይደውላሉ። አምና አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት "ይነፍሳል እንጂ አያቀዘቅዝም" ብለው ጠሩን። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጎበዝ ተለማማጅ አለ፣ ይዤው ሄድኩ።

የውጭው ማሽን የተተከለው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳና በአጥር መሀል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። የሐይቁ ነፋስ እዚያ አይደርስም። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ከሰል አቀጣጥላ ጀበና ጥዳለች። ተለማማጁ የመዳብ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ወዝ ያለ ዘይት አየ። የሚያፈሰው በዚያ ነው። የመበየጃ ቶርቹን አወጣና "ጋሼ፣ ጋዙ ያለቀ ይመስላል። ልበይደው?" አለኝ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ጌጅ እሰር" አልኩት፤ የጋዙን ግፊት የሚለካውን ማለቴ ነው። ሌብሉ አር 22 ይላል፤ አር 22 የሚባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ ጋዝ ደግሞ በተለመደው ሁኔታ አይነድም። ሆዙን ሲያስር ትንሽ ፍስ አለ። ያን ጊዜ ሸተተኝ፤ ልክ የማብሰያ ሲሊንደር ሽታ።

"ቶርቹን አስቀምጥ። ምንም ስዊች እንዳትነካ።" ልጅቷን "እህቴ፣ ምድጃውን እንዳለ ይዘሽ በፊት ለፊት ውጪልኝ" አልኳት። መብራቱን ከዋናው ብሬከር፣ ከሩቅ አጠፋሁ።

ሌብል የሚነግርህ ፋብሪካው የሞላውን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው የሞላውን አያውቅም። ጌጅም ብዙ አይረዳህም፤ የማብሰያ ጋዝ ውስጥ ያለው የፕሮፔንና የአር 22 ግፊት በጣም ይቀራረባል። አፍንጫም ዋስትና አይሆንም። የማብሰያ ጋዝ የሚሸተው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ለኤሲ ተብሎ የሚመረተው አር 290 ንጹሕ ፕሮፔን ስለሆነ አይሸትም። አየር ውስጥ 2 በመቶ ያህል ከገባ መንደድ ይችላል። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ እንደዚያች መተላለፊያ ያለ ቦታ መሬት ለመሬት ይተኛል። ለዚህ ነው ተቀጣጣይ ጋዝ የሚለየው ዲቴክተር ከቶርች ቀድሞ ከዕቃ ሳጥን መውጣት ያለበት።

የማረፊያው ባለቤት ቀድሞ ኤሲውን የሠራላቸውን ልጅ ስልክ ሰጡኝ። ደወልኩለት። አልደበቀም። "አር 22 ተወደደ፣ ሙሉ በሙሉ አልቆ ስለነበር የማብሰያውን ሞላሁ። ያቀዘቅዛል እኮ" አለኝ።

እውነት ነው፣ ያቀዘቅዛል። ፕሮፔን ጥሩ ጋዝ ነው፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ፣ የነበልባል ምልክት የተለጠፈበት ማሽን ሲመጣ እኔም ደስ ይለኛል። የአር 22 ማሽን ሬሌና ስዊች ግን ጋዝ ቢያፈስ ብልጭታቸው እንዳያቀጣጥለው ተደርገው የተሠሩ አይደሉም። እትዬ "ወንድሜ፣ ያንኑ ርካሹን ሙላልኝና ልገላገል" ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ተቀየሙኝ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሰው ተኝቶ እንደሚያድር ስነግራቸው ዝም አሉ።

የቀረውን ጋዝ በረጅም ሆዝ፣ ከቦይና ከእሳት ርቀን፣ ነፋስ ወዳለበት ወደ ግቢው ፊት ቀስ አድርገን አወጣነው። ከዚያ ቱቦውን በማይነደው ጋዝ፣ በናይትሮጅን፣ አጠብነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የኮምፕረሰሩ ዘይት ፕሮፔን ይዞ ይቆያል፤ ጌጁ ዜሮ ካለ በኋላም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ ቫኪዩም አደረግን፣ ማለትም የቀረውን በፓምፕ መጥጠን አወጣን፣ እንደገና ናይትሮጅን አስገባን። የፓምፑን ሶኬት የሰካነው ከመተላለፊያው ውጭ ነው፣ የፓምፑም መውጫ በሆዝ ወደ ነፋሱ። የድሮውን መጋጠሚያ በእሳት አላላቀቅነውም፤ በቱቦ መቁረጫ ቆረጥነው። ዲቴክተሩን መሬት አስጠግተን ዙሪያውን ካዞርን በኋላ ነው ተለማማጁ፣ ናይትሮጅን በቱቦው ውስጥ በቀስታ እያለፈ፣ የበየደው። የፍሳሽ ፍተሻውም በናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን ለዚህ የሚያስገባ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፤ ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። በመጨረሻ ናይትሮጅኑን አውጥተን፣ እንደገና ቫኪዩም አድርገን፣ አር 22 በሚዛን ሞላን።

ያን ቀን ማታ ለልጁ እንደገና ደወልኩለት። አልተቆጣሁትም፤ እንዲህ ሲሠራ አይቶ ነው የተማረው። የማብሰያ ጋዝ የሞላባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ነገረኝ፣ እኔም ጻፍኩ። በማግሥቱ ራሱ መጣና ሦስታችን አብረን ወጣን። የጀመርነው ማሽኑ በወጥ ቤት መስኮት ሥር ከተተከለበት ቤት ነው።