7 ሳንቲ ሜትር ያጠረው መጋረጃዬ

ለንደን ውስጥ ጁን ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ንጋት 11 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። የምትጠልቀው ደግሞ ምሽት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀን ለሚሠራ ሰው ደስ ይላል። እኔ ግን የምሠራው ሌሊት ነው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት እገባለሁ። ልጃችንን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አባቷ ስለሆነ ፊቴን ታጥቤ ቀጥታ ወደ አልጋ ነው። ፀሐይዋም አብራኝ ትገባለች።

የመኝታ ቤታችን መስኮት የድሮ ቤት መስኮት ነው፤ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ተሰፍቶ ከሱቅ የሚሸጥ መጋረጃ ወይ ያጥረዋል ወይ ወለል ላይ ይጎተታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቴን ጋቢ በሚስማር ወጥሬ ነው የተኛሁት። እውነት ለመናገር ጋቢው በደንብ ያጨልማል። እንግዳ ሲመጣ ግን ያሳፍራል።

በመጨረሻ በልክ ሰፍቶ የሚልክ የኦንላይን ሱቅ አገኘሁ። ስሙ ይቅር። ጨርቅ መረጥኩ። እነሱ ብላክአውት የሚሉትን ብርሃን የማያሳልፍ ገበር ጨመርኩበት። ርዝመት የሚለው ቦታ ላይ 238 ሳንቲ ሜትር ብዬ ሞላሁ። ከመሙላቴ በፊት ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ፤ አንዱን ጊዜ ባለቤቴ ወንበር ላይ ቆሞ ሜትሩን ከላይ እየያዘልኝ። ጥንዱ 386 ፓውንድ መጣ። ደመወዝ ገና ስላልገባ በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ባለቤቴ ክሬዲት ካርድ የሚባል ነገር አይወድም። “ዕዳ በፕላስቲክ” ነው የሚለው። ያን ቀን ማታም ይህንኑ ሰበከኝ።

ካርቶኑ ጁን 3 ቀን ደረሰ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቀደድኩት። ከጎረቤት መሰላል ተውሼ ራሴ ሰቀልኩትና ወርጄ ራቅ ብዬ አየሁት። የግራው ወለሉን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆሟል። የቀኙ ቁምጣ ለብሷል።

አሰቃቀሌ ነው ብዬ አወረድኩት። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ለካሁ። አንዱ 238፣ አንዱ 231። ሜትሩን ገልብጬ ከታች ወደ ላይ ደግሜ ለካሁ። ያው 231። ከዚያ ሌላ ጉድ መጣ። የስልኬን መብራት አብርቼ ከጨርቁ ጀርባ ያዝኩት። በረጅሙ በኩል ድቅድቅ ጨለማ ነው። በአጭሩ በኩል ግን መብራቱ እንደ ፋኖስ ቦግ ብሎ ይታያል። የአንዱ ገበር ያዘዝኩት ነው፤ የሌላው ተራ ነጭ ጨርቅ። ጥንድ ተብለው መጡ እንጂ እህትማማች እንኳ አይደሉም።

ያን ዕለት የጻፍኩትን ኢሜይል አሁን ሳነበው ራሴን እታዘባለሁ። “ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ” ብዬ ጀመርኩ። መሀል ላይ “ምናልባት የኔ ስህተት ይሆናል” አልኩ። ምን አስባለኝ? መጨረሻ ላይ እንደገና ይቅርታ። 386 ፓውንድ የከፈልኩት እኔ፣ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ። ይሉኝታ ቪዛ አይጠየቅም መሰለኝ፣ አብሮን ይገባል።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። በትዕዛዝ የተሠራ ዕቃ አይመለስም፣ ሲገዙ በውላችን ተስማምተዋል፣ ለቀጣይ ግዢዎ ግን የ15 በመቶ ቅናሽ ሰጥተንዎታል ይላል። ለቀጣይ!

የሚገርመው ግን አምኜአቸው ነበር። ያደግኩት “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዴም ደረሰኙ ላይ እያነበብኩ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከቁጣ ይልቅ እንደ ሕግ ነው ጆሮዬ ላይ ያረፈው። በልክ ያሠራሁት ነው፣ ለማንም አይሆንም፣ ምን ያድርጉ ብዬ መጋረጃውን አጣጥፌ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። ጋቢው ወደ ቦታው ተመለሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ነገሩን አነሳሁት። ያው የታወቀው ምክር ተዥጎደጎደ። አንዷ “በልክ ያሠራሽው አይመለስም፣ እርሽው” አለች። ሌላዋ አጭሩን ልጅሽ ክፍል ስቀዪው አለች። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ በስልክ “እኛ ጋ ለብሰንም እንመልሳለን” ብላ አናደደችኝ። (ያ ሱቁ ደንበኛ ላለማጣት ብሎ የሚያደርገው ነው፤ ሱቁ ሐሳቡን ከቀየረ ቀየረ ነው።)

ነገሩን የለወጡት አንዲት እናት ናቸው። በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ አሁንም ቤታቸው ሲንጀር ያላቸው። ፎቶውን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

“ልጄ፣ ቅምቅማቱን አይተሽዋል?”

አላየሁትም ነበር። የረጅሙ ቅምቅማት ሰፊ ነው፣ አንድ ስንዝር ሊሞላ የቀረበ። የአጭሩ ሁለት ጣት።

“ይኼ ሁለት ሰው የሰፋው ነው። የአንዱ ጨርቅ ከመጀመሪያውም አጥሮ ስለተቆረጠ ቅምቅማቱን ቀንሰው ሊያደርሱት ሞከሩ። አልደረሰላቸውም። ሽሮ ሜዳ ቢሆን ይዘሽበት ሄደሽ ፊት ለፊት ትጨቃጨቂያለሽ። ነገ ነይ ይልሻል፣ ነገም ትሄጃለሽ፣ በመጨረሻ ይፈታልሻል። ይኼኛው ግን ፊትም የለው።” ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና “አንቺ ልክ ሰጥተሻል። ልክሽን ካልሠሩልሽ በልክ ሠራን ማለት ምንድነው?” አሉኝ።

እቤት እስክገባ ይህችው ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ስትመላለስ ቆየች።

ማክሰኞ ሌሊት በእረፍቴ ሰዓት ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። በማግስቱ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው በነፃ የሚያማክር ድርጅት ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ሁለት ነገር እየደባለቅሽ ነው አለችኝ። ሻጩ ራሱ ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ ሲደባልቅ የነበረው ይኼንኑ ነው።

አንደኛው ሐሳብ መቀየር ነው። እንግሊዝ ውስጥ በኦንላይን የገዛኸውን ዕቃ ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ እተወዋለሁ ማለት ትችላለህ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2013ቱ ደንብ ነው። ከዚህ መብት በልክ ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ዕቃ ተቀንሷል። ቀለሙ አላማረኝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ሻጩ እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው የ2015ቱ (ይኼም በፈረንጆች) የሸማቾች መብት ሕግ ነው። ዕቃው ጥራቱ የሚያጠግብ፣ ለተፈለገበት አገልግሎት የሚሆን፣ ሲሸጥ እንደተባለው መሆን አለበት። በልክ መሠራቱ ከዚህ አያስመልጠውም። ሻጩ ውሉ ላይ የፈለገውን ቢጽፍ ይህን መብት ሊሰርዘው አይችልም። ብልሽት ካለው ደግሞ ከተረከብክ በ30 ቀን ውስጥ አልቀበልም ብለህ ሙሉ ገንዘብህን መጠየቅ ትችላለህ። 30ው ቢያልፍም ነገሩ አያበቃም፤ ሻጩ አንድ ጊዜ የመጠገን ወይም የመቀየር ዕድል ያገኛል፣ እሱም ካልሆነ ዋጋ ማስቀነስ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይመጣል። ብቻ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በጣም ይሻላሉ። (ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ እነሱ ጋ የብልሽት ዋስትናው 2 ዓመት ነው ብሎ ጎረረብኝ። እውነቱን ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በትንሹ ይህን ይሰጣሉ። ገንዘብ ከመመለሱ በፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ መጠገን ወይም መቀየር ነው።)

ሴትዮዋ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ። “አልቀበልም” የምትለውን ቃል በጽሑፍ ተናገሪ። አዝኛለሁ፣ ቅር ብሎኛል፣ እባካችሁ ተመልከቱልኝ የሚሉት ሁሉ እንደ አቤቱታ ነው የሚቆጠሩት። እኔ እስካሁን ዋይታዬን ነው የላክሁት።

በ13ኛው ቀን ሁለተኛውን ኢሜይል ጻፍኩ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ ሁለት ጊዜ ሾልኮ ገብቶ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። የትዕዛዝ ቁጥሬን ጻፍኩ። ያዘዝኩት ሁለቱም 238 እንደሆነ፣ የመጣው አንዱ 231 እንደሆነ፣ የአንዱ ገበር ያልከፈልኩበት ዓይነት እንደሆነ ጻፍኩ። በ2015ቱ ሕግ መሠረት ዕቃውን አልቀበልም፣ 386 ፓውንዴን በሙሉ መልሱ፣ መጋረጃውንም በራሳችሁ ወጪ ውሰዱ አልኩ። አራት ፎቶ አያያዝኩ። ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ የሚነበብበት፣ ከነስልክ መብራቱ የተነሣው፣ የሁለቱ ቅምቅማት ጎን ለጎን፣ አራተኛው ደግሞ እነሱው የላኩልኝ የትዕዛዝ ማረጋገጫ።

መልሱ ባሕሪው ተለወጠ። አሁን ቅናሽ የለም፣ “ደንበኛው በስህተት ለክቶ ይሆናል” መጣ። ሳቄ መጣ። ተሳስቼ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ያጥሩ ነበር። ይህንኑ በአንድ መስመር መለስኩላቸው።

ከዚያ ለስለስ አሉ። አጭሩን በ6 ሳምንት ውስጥ በነፃ እንደገና እንስፋልሽ አሉ። እዚህ ላይ ልሸነፍ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው ብዬ ለማሰብ የምፈልግ ሰው ነኝ። ግን ለዳግም ስፌት እሺ ካልኩ ለሥራው በቂ ጊዜ ልሰጣቸው ግድ ነው፤ በመሀል ገንዘቤን ልል አልችልም። የ30 ቀኑ ቆጠራ እስኪሠራ ድረስ ይቆማል እንጂ አይጠፋም፣ እሱስ ደህና ነው። እኔ ግን ገበር ለመለየት ያልቻለ ሰው እጅ ላይ 6 ሳምንት መጠበቅ አልፈለግሁም። በጋው ያልቃል። አይሆንም አልኩ። እነሱም ዝም አሉ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም።

ያን ጊዜ ነው ካርዱ ትዝ ያለኝ። በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 የሚባል አለ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ የሆነ፣ ከ30,000 ያልበለጠ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ከገዛህ፣ ሻጩ ውሉን ሲያፈርስ ካርዱን የሰጠህ ባንክም ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። ቀብዱን ብቻ በካርዱ ከፍለህ ቀሪውን በሌላ መንገድ ብትከፍልም ይሠራል። በዴቢት ካርድ፣ ማለትም በቀጥታ ከራሱ ሒሳብ ለከፈለ ሰው ይህ የለም። ባንኩ ክፍያውን ከሻጩ እንዲያስመልስልህ የምትጠይቅበት ቻርጅባክ የሚባል አለ፣ እሱ የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜም 120 ቀን ነው ያለው። ሁሉም እምቢ ካለ ደግሞ እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ ያለ ጠበቃ የሚከሰስበት ትንንሽ ክርክር የሚታይበት ፍርድ ቤት አለ። እኔ እዚያ አልደረስኩም፤ ተመስገን።

ባንኩ ፎርም ላከልኝ። እዚያው ኢሜይሎቹን፣ ፎቶዎቹን፣ ማረጋገጫውን ሰቀልኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

“ማለት፣ በዴቢት ከፍለሽ ቢሆን ይኼ አይሠራም ነበር?”

“አይሠራም ነበር።”

“እሺ።” ወጥ ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከዚያው ሆኖ “ቢሆንም ዕዳ ነው” አለ።

ከአራት ሳምንት በኋላ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ አንድ አዛውንት ውኃ እያጠጣሁ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሲተኙ አየሁት። 386 ፓውንድ ገብቷል፣ የላከውም ሻጩ ራሱ ነው። ባንኩ ጠይቋቸው ይሁን ታክቷቸው አልነገሩኝም። በማግስቱ ደግሞ አንድ ኢሜይል መጣ፣ ዕቃውን የሚወስድ ሰው ማክሰኞ ይመጣል የሚል። መጣም። ካርቶኑን ሲያነሳው “ቀላል ነው” አለኝ። ያስለቀሰኝን ዕቃ።

በገንዘቡ ከሱቅ በጣም ረጅም ተራ መጋረጃና ለብቻው የሚሸጥ ብላክአውት ገበር ገዛሁ። ይዤ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ሲንጀሩ እስከ ምሽት ሲያጉረመርም ዋለ። እጄን ጫን ብለው ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ ጤፍ ወሰድኩላቸው።

እቤት ስገባ ሰቀልኩትና ስልኬን አብርቼ ከጀርባው ያዝኩት። ጨለማ ነው። ከዚያ ሜትሩን አመጣሁ። ሁለቱም 238።