ጎንደር፣ ጥምቀት እና አያ ጥንቸል

ሆቴሉን ከአዲስ አበባ ደውዬ ስጠይቅ 1,800 ብር ነበር። ጎንደር ደርሰን ሻንጣ ስናወርድ 3,500 ሆኖ ጠበቀን። የእንግዳ መቀበያው ልጅ አልተቅለሰለሰም፣ ሰበብም አልፈለገም። «ጋሼ፣ ጥምቀት ነው እኮ» አለኝ ቁልፉን እያቀበለኝ። ክርክሩ እዚያው አለቀ። እህቴ ዋጋውን ወደ ዶላር መንዝራ «ርካሽ ነው» አለች። እኔ የማስበው በብር ነው፣ ለዚያውም በደመወዜ።

ስለ በረራው የምለው የለኝም። ተነሳን፣ ትንሽ ተናጥን፣ አዘዞ ወረድን።

ሦስት ነን። እኔ፣ እህቴ እና የ14 ዓመት ልጇ። ልጅቷ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን «እኔ ሂድ»፣ «አንቺ መጣ» እያለች ወንዱንም ሴቱንም ታደባልቃለች። ቤታቸው ለዲዝኒ መናፈሻ ቅርብ ነው። የዓመት ትኬት አላቸው። እኔ በልጅነቴ ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ እንደምመላለሰው እሷ እዚያ ትመላለሳለች። ልዩነቱ እኔ ብዙውን ጊዜ ፖስተሩን ብቻ አይቼ ነበር የምመለሰው።

ጥር 9 ቀን ጠዋት ግንቦቹን አየን። እህቴ እያንዳንዱ በር ላይ ፎቶ ተነሳች። አስጎብኚው ጥሩ ልጅ ነው፣ ከተማዋን አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. እንደቆረቆሯት፣ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲያስወጡ የጣሉት ቦምብ የትኛውን ግንብ እንደመታ እያሳየ ወሰደን። በጣሊያን ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶ ተለጣጥፈው ኋላ ሲሚንቶው እየተነሳ በኖራ መተካቱን ሲነግረን ብቻ የእህቴ ልጅ ከስልኳ ቀና አለች። «ለምን አነሱት?» አለችው። «የራሱ ስላልሆነ» አላት። ተመልሳ ወደ ስልኳ ገባች።

ከሰዓት ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሄድን። ባጃጁ 300 ብር ጠየቀን፣ 200 ሰጠሁት፣ እህቴ ዞር ስል 500 ሰጠችው። እንግዲህ ከዲያስፖራ ጋር መሄድ ማለት ይሄ ነው።

ውኃው እየሞላ ነበር። ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው የሚመጣው። መሀል ላይ ባለ ፎቁ ግንብ ቆሟል፤ ዙሪያውን ያለው የድንጋይ አጥር በዋርካ ሥር ተይዟል። ሥሮቹ ከግንቡ አናት ተነስተው እንደ ቀለጠ ሰም ወደ ታች ይወርዱና ድንጋዮቹን እንደ እጅ ጨብጠዋቸዋል። የእህቴ ልጅ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ጠጋ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«አጎቴ፣ ይሄ እውነት ነው? ወይስ ተሠራ?»

አልሳቅኩም፣ ግን ለትንሽ ነው። እሷ ባደገችበት አገር እንዲህ ያለ ሥር የሚሠራው ከሲሚንቶ ነው፤ ቀለም ቀቢ መጥቶ ሽበት ያወጣለታል። አንዱን ቀጭን ሥር በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ነጭ ወተት ወጣ። ጣቷን አሸተተችና ሱሪዋ ላይ ጠረገችው።

«ስፕላሽ ማውንቴን ይመስላል» አለች። «የድሮው።»

ምንድነው እሱ አልኩ። ዲዝኒ መናፈሻ ውስጥ ያለ መጫወቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት አላቆመችም፣ አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ እየሞላች። ግንድ ፈልፍለው የሠሩት በሚመስል ጀልባ ትቀመጣለህ። ውኃው ይወስድሃል። ዋሻ ውስጥ የሚዘፍኑ፣ የሚንቀሳቀሱ የእንስሳት አሻንጉሊቶች አሉ። ታሪኩ የአንድ ብልጥ ጥንቸል ነው፤ ቀበሮና ድብ ሊበሉት ያሳድዱታል። ስሙ «ብሬር ራቢት»። ብሬር ማለት ወንድም ማለት ነው አለችኝ። «እንዴ፣ አያ ጥንቸል በይዋ!» አልኳት። አያ ጅቦን ነገርኳት፣ እመት ጦጢትን ነገርኳት። እዚያ ጥንቸሉ የሚሠራውን ተንኮል እኛ አገር ጦጣ ነው የምትሠራው። ተረቱን ያመጡት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ልጆች መሆናቸውን ስትነግረኝ ብዙም አልገረመኝም።

መጨረሻ ላይ ጥንቸሉ ይያዛል። «የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፣ ብቻ እሾሁ ውስጥ እንዳትወረውሩኝ» ይላቸዋል። እሾሁ ደግሞ ቤቱ ነው። ይወረውሩታል፣ ያመልጣል። አንተም በጀልባህ አብረኸው ትወረወራለህ፣ ወደ 15 ሜትር ቁልቁል። ከመውደቅህ በፊት ሽቅብ ስትጎተት ከላይ ሁለት ጥንብ አንሳዎች ተቀምጠው ያላግጡብሃል። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ሌላ ሆነ። «ሆዴ እዚያ ነው የሚቀረው» አለች።

አሁን ጥንቸሉ የለም። ጀልባው ያው፣ የውኃው መንገድ ያው፣ መውረጃው ያው። ታሪኩን ግን አውጥተው የሌላ ፊልም ታሪክ አስገቡበት።

«ለምን?» አልኩ። ተከፋሁ፣ አይቼው በማላውቀው ነገር። ሰው ከለመደው ነገር ላይ እጅ ሲያነሱበት ስለሚያመኝ ይሆናል። እህቴ «ደግሞ ይሄም አንተን ነካህ?» አለችኝ።

በዚህ መሀል አስጎብኚው ከመዋኛው ወጣ ብሎ ያለችውን ትንሽ ክብ ሕንፃ አሳየን። እኔ አውቃታለሁ። ተማሪ ሆኜ በ1994 ስመጣ አንድ ሽማግሌ «የአፄ ፋሲል ፈረስ፣ የዞብል መቃብር ናት» ብለውኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ለስንቱ አወራሁት። ይሄ ልጅ ግን «የፈረስ መቃብር ናት የሚሉ አሉ፤ የአፄ ዮሐንስ ፈረስ ነው የሚሉም አሉ፤ ማስረጃ ግን የለም» አለና አለፈ። እንዲሁ በቀላሉ። ለመሆኑ መዋኛውንስ፣ ንጉሡ ለመዝናኛ ሠሩት የሚልም ለጥምቀት ሠሩት የሚልም አለ አለን፤ ስሙ ራሱ አንዱ ጋ መዋኛ፣ ሌላው ጋ ባሕረ ጥምቀት ነው። እሱን ችያለሁ። ፈረሴን ግን ወሰደብኝ።

«የሽማግሌው ይሻላል» አልኩት። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ።

የእህቴ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። «አሁን ገባህ!»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። የቧንቧ ውኃ የለም፣ በባልዲ ነው የተሰጠን። ፍራሹ መሀሉ ገደል ነው፤ በየትኛውም ጎን ብትተኛ መሀል ትገናኛለህ። ከመስኮቴ ሥር ጄኔሬተር፣ ከጄኔሬተሩ ማዶ ጭፈራ። እንቅልፉ እምቢ ሲል ስልኬን አንስቼ ስለዚያ ጥንቸል ማንበብ ጀመርኩ፣ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ።

የጥንቸሉ ታሪክ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1946 ከወጣ «ሶንግ ኦፍ ዘ ሳውዝ» ከሚባል ፊልም ነው። ፊልሙ ከባርነት በኋላ ያለውን የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የእርሻ ኑሮ የሰላምና የዘፈን አድርጎ ነው የሚያሳየው። ገና ሲወጣ ጀምሮ ተቃውሞ ነበረበት፤ ባለቤቶቹም አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮ አልሸጡትም። ፊልሙን ደብቀው መጫወቻውን ከፈቱ ማለት ነው፣ ካሊፎርኒያ በ1989፣ ፍሎሪዳና ቶኪዮ በ1992። ከዚያ በ2020 ሰኔ ወር ላይ፣ አሜሪካ በጆርጅ ፍሎይድ ሞት ስትናጥ፣ ታሪኩ ወደ ልዕልት ቲያና እንደሚቀየር ተናገሩ። ቲያና በ2009 የወጣው «ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ» ፊልም ባለታሪክ ናት፣ የዲዝኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ልዕልት። የቶኪዮው ላይ ጥንቸሉ እንዳለ ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን ፍራሹን አስረሳኝ። የካሊፎርኒያው ሲሠራ አሻንጉሊቶቹ ሁሉ አዲስ አልነበሩም። ብዙዎቹ ከተዘጋ የዘፈን ትርዒት የተረፉ እንስሳት ናቸው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰለት ኦሪጅናል ራሱ ግማሹ ልባሽ ነበር።

ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ይህን ስነግራት ታውቀዋለች። እንዲያውም ናቀችኝ። የጎንደር ፒያሳ ጣሊያን ያቆመውን ሕንፃ እንደያዘ ነው፤ ቢጫው ቀለም ተልጧል፣ ደረጃው ተሸርፏል፣ ሊስትሮው ያው ጥግ ላይ ነው። እኔ የአዲስ አበባው ፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ሰፈሩ በ2016 ፈርሷል፣ የእኔ ቤት የነበረበትን አሁን ቆሜ ማሳየት አልችልም፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ መብራቱ ያምራል። ይህን ሁሉ ለእሷ ለምን እንደነገርኳት እንጃ።

«ስንት ዓመተ ምሕረት አልከኝ?» አለች። በእነሱ 2024 ነው አልኳት። «ቲያናም የተከፈተው ያኔ ነው» አለች። ሰኔ ላይ። ከዚያ ማኪያቶዋን እያማሰለች «እኛ ጋ ግን መንገዱን ተውልን» አለች። የጀልባውን መንገድ ማለቷ ነው።

አሳቧን ጠየቅኳት። ለውጡን ትደግፋለች። ስድስት ዓመቷ ሆና የቲያናን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ የተነሳችው ፎቶ እናቷ ስልክ ላይ አለ። ቅሬታዋ ሌላ ነው። በአዲሱ ታሪክ ቲያና ለድግሷ ሙዚቀኛ እየፈለገች ነው፤ ማማ ኦዲ የምትባል አስማተኛ አሮጊት አንተን እንደ እንቁራሪት ታሳንስሃለች፤ ከዚያ ትወድቃለህ፤ ከዚያ ድግስ። «ማንም አያባርርህም» አለችኝ። «ቀበሮ የለም፣ ጥንብ አንሳ የለም። አጎቴ፣ ታዲያ ለምንድነው የምወድቀው?»

መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ሂስ ከ14 ዓመት ልጅ አልጠበቅኩም። ታሪክ ስትቀይር መውረጃው ያው ከሆነ፣ ሰውየው የሚወድቅበትን ምክንያት አብረህ ማምጣት ነበረብህ ነው የምትለው። ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።

ከተራ በፀሐይና በሕዝብ ውስጥ አለፈ፤ ከታቦቱ ይልቅ የሰው ጀርባ ነው ያየሁት።

የጥምቀት ዕለት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሳን። እህቴ የጣውላው መቀመጫ ላይ እንውጣ አለች፣ እኔ እምቢ አልኩ። በ2012 ተደርምሶ ሰው የሞተበት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ቆምን፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጃንጥላ ይዣለሁ። አዎ፣ ጥምቀት ላይ ጃንጥላ። ካህናቱ ያላቸው ለክብር ነው፣ የእኔ ላለመርጠብ።

አንዲት እናት ጋቢያቸውን ዘርግተው ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ አይተው «ነይ የኔ ሆድ፣ ተጠጊ» አሏት። አልተግደረደረችም፣ ገባች። ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከጋቢያቸው አልወጣችም፤ ግማሹን ተኝታለች።

ነግቶ ውኃው ሲባረክ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ወጣቶቹ ከግንቡ፣ ከሥሩ፣ ከየቅርንጫፉ እየዘለሉ ገቡ። ጎማ ይዘው የሚረጩ አሉ። ሰው በጄሪካን፣ በሃይላንድ፣ በድስት ይቀዳል። እናትየው ከጉያቸው ባዶ ሃይላንድ አወጡ፣ አንዱን ጎረምሳ አስቀዱ፣ ለልጅቷ ሰጧት።

«አገርሽ የት ነው?»

«አሜሪካ።»

«እዚያ ፀበል አለ?»

ልጅቷ አሰበች። «አለ። ይሸጣል» አለች።

እህቴ ደነገጠች። ኋላ ነው የገባን። ጥንቸሉ ሊዘጋ ሲል ሰዎች የመጫወቻውን ውኃ በብልቃጥ እየቀዱ ኢቤይ ላይ ሸጠውት ነበር። የመጨረሻው ቀን ጥር 14 ቀን 2015 ነው፣ ከጥምቀት ሦስት ቀን በኋላ ማለት ነው። እነሱም በዚያ ሰሞን ሦስት ሰዓት ተሰልፈዋል። «ቀዳሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል አጎቴ» አለች።

ለእናትየው ገንዘብ ለመስጠት ኪሴ ስገባ እጄን መቱት። በሦስት ቀን ውስጥ ጎንደር ላይ ብር እምቢ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሃይላንዱን ማን ይያዘው ሲባል የእኔ ቦርሳ ውስጥ ገባ፣ እኔ ጠንቃቃ ነኛ። አዲስ አበባ ቤት ገብቼ ቦርሳውን ስከፍት ክዳኑ ላልቷል። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ ጃንጥላው ሳይቀር ርሷል። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጣት የምታህል ቀርታለች። ለልጅቷ ደውዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቋን እየታገለች ነው ለካ።

«ሸሚዙን አትጠብ» አለች። አታጥበው ማለቷ ነው።