ተማሪዎቼ የውሸት «ሊክ» ሲሠሩ

የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ክበብ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ዘፈን ይለቃሉ፣ መልካም ልደት ይላሉ፣ ዜናም ያነባሉ። ዜናውን ከየት ያመጡታል? ከቴሌግራም ነዋ። ስለዚህ ሐሰተኛ መረጃን የመለየት ትምህርቱን ከዚያው ከቴሌግራም ጀመርኩ። «ሐሰተኛ መረጃ ማለት…» እያሉ ሰሌዳ ላይ ትርጉም መጻፍ ልጆቹን ከማስተኛት ሌላ ጥቅሙ አይታየኝም።

የመረጥኩት ጉዳይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። የ2008ቱን ሁሉም ሰምቷል። ያኔ ጥያቄዎቹ እውነትም «ሊክ» ሆነው፣ ማለትም አስቀድመው ሾልከው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥተው ፈተናው ተቋርጧል። አንዴ የሆነ ነገር ስለሆነ ነው «ፈተናው እጃችን ገብቷል፣ መጀመሪያ ብር ላኩ» የሚሉ ቻናሎች ዛሬም ገበያ የማያጡት። ማስረጃ ብለው የሚያቀርቡት ደግሞ የታወቀ ነው፦ «ያለፈውንም ከመሰጠቱ በፊት ለጥፈነዋል፣ ሰዓቱን እዩት!»

እኔም ይህንኑ ሠርቼ አሳየኋቸው። ጠዋት አንድ ቻናል ከፍቼ «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ለጠፍኩ። ከዚያ ክፍል ገብቼ አጭር ፈተና ሰጠኋቸውና ወረቀቱን ከሰበሰብኩ በኋላ አዲስ ሳልለጥፍ ያቺኑ የጠዋት ጽሑፍ «ኤዲት» ብዬ በሰላምታው ቦታ ጥያቄዎቹን ጻፍኩ። ቴሌግራም የቻናል ጽሑፍ ሲስተካከል መጀመሪያ የተለጠፈበትን ሰዓት አይቀይርም፤ «ኤዲትድ» የምትል ትንሽ ቃል ብቻ ነው የሚጨምረው፣ እሷንም ስክሪንሾቱ ላይ መፋቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ፕሮጀክተሩ ላይ ሳወጣው ክፍሉ ተናወጠ። «ቲቸር፣ ማን ሰጣቸው?» ያለም ነበር። ሚስጥሩን ከነገርኳቸው በኋላ በቡድን ሆነው ራሳቸው እንዲሠሩት አደረግኩ። ከእኔ የተሻለ ሠሩ!

የፎቶውን ነገር ብዙም አላስረዘምኩትም። የዛሬ ነው የተባለውን ፎቶ ጎግል ሌንስ ላይ (ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሌላ የት እንዳለ የሚፈልግ መሣሪያ ነው) አስገብተው የድሮ ፎቶ ሆኖ ሲያገኙት ራሱ ይገባቸዋል። የፌስቡክ ገጽ ስሙን ስንት ጊዜ እንደቀየረ ማየትንም ወደውታል፤ ትናንት የቀልድ ገጽ የነበረው ዛሬ «ሰበር ዜና» ሆኖ ሲገኝ ሳቁ ሌላ ነው።

ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ልጆቹ በሁሉም ነገር መጠራጠር ጀመሩ። የሚያነቡት ሁሉ «ፌክ ነው» ሆነ፣ የትምህርት ቤቱ የራሱ ማስታወቂያ ሳይቀር። ይሄ ደግሞ ሁሉን ከማመን እምብዛም አይሻልም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ማጣራትን ያስቀራሉ። ስለዚህ የቤት ሥራውን ገለበጥኩት፦ እውነት የሆነ ዜና አምጡ፣ እውነት መሆኑንም አሳዩኝ። መጀመሪያ ማን አወጣው? ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በራሱ ገጽ ላይ ብሎታል? ቀኑስ መቼ ነው? ይሄኛው ሐሰት ከማጋለጥ በጣም ይከብዳል፣ ልጆቹም አጉረመረሙ። አሁን ግን ሚኒ ሚዲያው ላይ ዜና የሚያነብ ልጅ ምንጩን አብሮ ይናገራል። ካላገኘ ዘፈን ይለቃል።

መሞከር የምትፈልጉ መምህራን ካላችሁ፣ ጥያቄዎቹን ራሳችሁ አውጡ፣ የእውነተኛ መሥሪያ ቤት ስምና ማኅተም አትጠቀሙ። ቻናሉንም የግል አድርጉትና ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ እዚያው ልጆቹ ፊት አጥፉት።