«ታክሲው ስለዘገየ» ብሎ አራት ነጥብ

ከፒያሳ ወጥቶ ሰው አገር የገባ ሰው ለአለቃው በእንግሊዝኛ ኢሜይል ሲጽፍ የሚሰናከለው ሁልጊዜ ቃላት አጥሮት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን የት እንደሚዘጋ ይጠፋዋል። አራት ኪሎ ተቀምጦ ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ የሚያጠናውም ችግሩ ያው ነው፤ በጽሑፉ ፈተና ሰዋስው ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነውና ዋጋ ያስከፍላል።

በአማርኛ ግሱ ራሱ ይናገራል። «ታክሲው ዘገየ» ሙሉ ነው። «ታክሲው ስለዘገየ» ከተባለ ግን ግሱ ላይ «ስለ» ተለጥፏልና ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። እንግሊዝኛ ግሱን አይነካም። «ዘ ታክሲ ዋዝ ሌት» ነፃ ክሎዝ ነው፣ ማለትም ባለቤትና ግስ ይዞ ብቻውን የሚቆም የዓረፍተ ነገር ክፍል፤ ፊቱ ላይ «ቢኮዝ» ስትቆም ሌላው ሳይለወጥ ጥገኛ ይሆናል፣ ብቻውን አይቆምም። ግሱ ሙሉ ስለሚመስለን ነጥብ አድርገን እናልፋለን።

ስለዚህ መጀመሪያ የክሎዙን በር፣ የፊት ቃሉን፣ እዩ። «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞው»፣ «ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «አንቲል» ቆመው ከሆነ፣ ነፃ ክሎዝ አጠገቡ ሳይኖር አትዝጉ። ጥገኛው ከቀደመ መሐሉ ላይ ኮማ ይገባል፦ «ቢኮዝ ዘ ታክሲ ዋዝ ሌት፣ አይ ሚስድ ዘ ሚቲንግ»። «ቢኮዝ» ወደ ኋላ ከሄደች ኮማው ባብዛኛው ይቀራል።

«ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ ግን መጣሁ» የምንል ሰዎች «ኦልዞው» ብለን ስናበቃ «በት» እንጨምራለን። ሁለት ክሎዝ ለማያያዝ አንድ ማያያዣ ይበቃል፤ አንዷን አውጡ።

ከሁሉም ክፉው ኮማ ነው። «ሥራዬን ጨርሼ፣ ቤቴ ሄድኩ» ስንል «ጨርሼ» ጥገኛ ስለሆነ ነጠላ ሰረዙ ያምርበታል። «አይ ፊኒሽድ ወርክ፣ አይ ዌንት ሆም» ግን ሁለት ነፃ ክሎዝ በኮማ ብቻ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ አይይዝም። ፊቱ ላይ «አፍተር» አድርጉ፣ ወይም ከኮማው ቀጥሎ «ኤንድ»፣ ካልሆነም በነጥብ ለዩት። «ሃውኤቨር» እዚህ አትረዳም። «በት» ትመስላለች እንጂ ሁለት ክሎዝ አትሰፋም፤ ከፊቷ ነጥብ ወይም ሴሚኮሎን (;) ትፈልጋለች።

ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ ላይ አንብቡት። ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ያለፈው ዓረፍተ ነገር ጎዶሎውን ደግፎ ያቆመዋል፤ ከታች ሲጀመር ደጋፊ የለውም።