የጅብ ሽንኩርት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጓዶች፣ ዘንድሮ ዳንግላ አካባቢ ካለው ረግረጋማ የግጦሽ መስክ አልወጣሁም ማለት ይቻላል። የምከታተለው አንድ ተክል ብቻ ነው፤ የጅብ ሽንኩርት። ክረምቱ ሲገባ ወፍራም አገዳ ከሣሩ መሃል ያወጣል፤ ጫፉ ላይ ቱቦአቸው የረዘመ ጥቂት ነጫጭ አበቦች ይከፈታሉ። ቅጠሉ እንደ ቀበቶ ረጅም ነው።

አስቸጋሪው ስሙ ነው። ሰው “የጅብ ሽንኩርት እዚያ አለ” ቢላችሁ ሳታዩ አትመኑ። በበጋ፣ ቅጠል ሳይኖረው፣ ረጅም ዘንግ ላይ እልፍ ጥቃቅን አበባ የሚደረድረው ድሪሚያ አልቲሲማ የተባለ ሌላ ተክልም በዚሁ ስም ይጠራል። ጅቡ ምን አገባው ካላችሁ፣ የእኛ ሰው ለእሱ የማይሆነውን ለጅብ መስጠት ይወዳል፤ እንጉዳይንስ የጅብ ጥላ ብሎት የለ? እዚህ ግን ስሙ ያስጠነቅቃል፤ መሬት ውስጥ ያለው ራስ፣ ማለትም ሽንኩርት የሚመስለው ክፍሉ፣ ላይኮሪን የተባለ የሚያስመልስ መርዝ አለበት። ልጆች እንዳይነካኩት።

የሳይንስ ስሙ ክራይነም አቢሲኒከም ነው። “ክሪኖን” በግሪክ ሊሊ ማለት ሲሆን ስዊድናዊው የእፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ለዚህ ተክልና ለቅርብ ዘመዶቹ ወገን ሁሉ ሰጠው፤ “አቢሲኒከም” አገራችን ናት። ከስሙ ኋላ የሚጻፈው “ሆክሽቴተር ኤክስ ሪሻር” ነው እኔን የያዘኝ። ጀርመናዊው የእፅዋት ተመራማሪ ሆክሽቴተር አገራችንን ሳይረግጥ፣ ደርቆ ለተላከለት ተክል ስም አወጣ፤ ፓሪስ ያለው አሺል ሪሻር ደግሞ መግለጫውን ጽፎ አሳተመ። “ኤክስ” የምትለዋ ቃል ይህንኑ ነው የምትናገረው፤ ስሙ የአንዱ፣ ኅትመቱ የሌላው። ሪሻር ከሠራባቸው የደረቁ ተክሎች ስብስቦች አንዱን ያመጣው ፔቲ የተባለ ሐኪም በ1843 አባይን ሲሻገር አዞ በላው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን ያወጣው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የሞተው ለቃሚው፤ ይሄ ነገር ያናድደኛል።

ወደ ማሳደጉ ስንመጣ፣ ራሱን ከመስክ መቆፈር አልፈልግም፤ ዘር ይበቃል። ዘሩ ወፍራምና ውሃ የቋጠረ ስለሆነ እንቅልፍ የለውም። መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት ያለ አፈርና ያለ ውሃ ሥር ሰደደ! ስለዚህ አድርቆ ለከርሞ ማቆየት አይሆንም፤ እንደተለቀመ አፈር ላይ አጋድሙት፣ ግማሹ ይታይ። አበባ ለማየት ግን ዓመታት መታገሥ ነው።

የጮቄ ወገኖች፣ እናንተ ጋ ካለ አበባውንም ቅጠሉንም አንድ ላይ ፎቶ አንሡልኝ፣ ሽማግሌዎች የሚጠሩበትንም ስም ጨምሩበት። ዘር የምትልኩ ደግሞ በወረቀት ጠቅልሉት፤ በፌስታል ከታሰረ ይበሰብሳል።